የሕዝብ ጥግግት በምን ይለካ?

ስለ አገራችን ሕዝብ ብዛት ወሬ በተነሣ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ዘወትር ይሰማሉ። አንደኛው ወገን «ኢትዮጵያ ሰፊ አገር ናት፤ ገና ሰው ያልረገጠው መሬት ሞልቷታል» ሲል፣ ሁለተኛው ደግሞ «አገሪቱ ከአቅሟ በላይ ሞልታለች፤ የድህነታችን ምንጭ የሰው መብዛት ነው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ለአሳባቸው ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡት ቁጥርን ነው። የሚያስገርመው ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱት ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ አስተያየት ከሁለቱ ወገኖች አንዱን ለመደገፍ የታሰበ አይደለም። ክርክሬ ከመለኪያው ጋር ነው። ሕዝብን ለመለካት የምንይዘው መስፈሪያ የተሳሳተ ከሆነ፣ ከእርሱ ተነሥተን የምንሰጠው ፍርድ ሊቃና አይችልም።

በመጀመሪያ የሕዝብ ጥግግት ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ እንመልከት። በተለመደው አነጋገር ጥግግት ማለት በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ በአማካይ የሚኖረው ሰው ብዛት ነው። ስሌቱም ቀላል ነው፤ የሕዝቡን ቁጥር ለመሬቱ ስፋት ማካፈል ብቻ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ሦስተኛው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 73,750,932 ሆኖ ተገኝቷል። ይህን 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነው የአገሪቱ ስፋት ስናካፍለው በካሬ ኪሎ ሜትር 67 ሰው ይደርሰናል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሄክታር ስለ ሆነ፣ እንደዚህ ስሌት ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሄክታር ተኩል፣ አምስት ሰዎች ላሉበት ቤተሰብ ደግሞ ሰባት ሄክታር ተኩል ገደማ መሬት ይኖረዋል ማለት ነው። «አገሪቱ ባዶ ናት» የሚለው ወገን ደስ የሚሰኘው በዚህ ነው።

ነገር ግን ሰባት ሄክታር ተኩል ያለው ገበሬ የት አለ? ከገበሬዎቻችን ከግማሽ የሚበልጡት ከአንድ ሄክታር ያልበለጠ መሬት የሚያርሱ ናቸው። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ማካፈሉ ትክክል ነው። የተሳሳተው አካፋዩ ነው። በአካፋዩ ውስጥ የዳሎል የጨው ሜዳ፣ የሰሜን ተራሮች ገደል፣ የሐይቆቻችን ውሃ፣ ዝናብ የማያውቀው የኦጋዴን ሜዳ ሁሉ አሉ። እነዚህ ሁሉ እንደ ጥሩ የእርሻ መሬት ተቆጥረው ለሕዝቡ «ተከፋፍለዋል»።

አንድ ምሳሌ ከቅርባችሁ ልስጥ። ሁለት ክፍሎች ባሉት ትምህርት ቤት በአንደኛው ክፍል 70፣ በሁለተኛው 10 ተማሪዎች ቢኖሩ፣ ርእሰ መምህሩ «በትምህርት ቤታችን በአማካይ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ አለ» ብሎ ሪፖርት ቢያደርግ ውሸት አልተናገረም። ይሁን እንጂ 40 ተማሪ ያለበት ክፍል በዚያ ትምህርት ቤት የለም። በ70ው ክፍል በአንድ ወንበር አራት ሆኖ ተጣቦ የሚጽፈው ተማሪ በአማካዩ ቁጥር እጁን ሊያዘረጋ አይችልም።

በአገራችንም ያለው ሁኔታ ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1999ኙ ቆጠራ በጋምቤላ ክልል በካሬ ኪሎ ሜትር 10 ሰው ያህል ሲኖር፣ በጌዴኦ ዞን 700 ያህል ሰው ይኖር ነበር። ሁለቱም የሚገኙት በአንድ አገር ውስጥ ነው። 67 ሰው የሚለው አማካይ ግን ለጋምቤላም ለጌዴኦም አይሠራም። ይህ ጉዳይ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። ግብፅ ስፋቷ ከአገራችን ብዙም አያንስም፤ አንድ ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በተደረገው ቆጠራ ሕዝቧ ወደ 95 ሚሊዮን ስለ ነበር፣ በተለመደው ስሌት በካሬ ኪሎ ሜትር 95 ሰው ይደርሳል። ነገር ግን ከመቶ 95 ያህሉ ግብፃዊ የሚኖረው በዓባይ ሸለቆና በደለሉ ምድር፣ ይኸውም ከአገሪቱ መሬት ከመቶ 5 በማይበልጠው ላይ ነው። በዚያ ጠባብ መሬት ላይ ያለው ጥግግት 1,800 ያህል ይሆናል። በካይሮ መንገድ ለሚጋፋ ሰው የምዕራቡ በረሃ ስፋት ምን ይጠቅመዋል?

እንግዲህ አካፋዩን መለወጥ ያስፈልጋል። በእኔ አስተያየት በግብርና ለሚተዳደር ሕዝብ ተገቢው መለኪያ የሕዝቡን ቁጥር ለሚታረሰው መሬት ማካፈል ነው። ከዚህም ይበልጥ የሚጠቅመው የገበሬውን ቁጥር ብቻ ለእርሻው መሬት ማካፈል ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ስንት አፍ ከአንድ ማሳ እንደሚበላ ሲያሳይ፣ የኋለኛው ስንት እጅ በአንድ ማሳ ላይ እንደሚሠራ ያሳያል። ለከተማ ደግሞ ሁለቱም አይሆኑም። የአዲስ አበባ ስፋት 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሕዝቧም በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን ገደማ ስለ ነበረ ጥግግቷ 5,200 ያህል ነበር። ይህ ቁጥር በራሱ አያስደነግጥም፤ ከዚህ በላይ ተጠጋግተው ያለ ችግር የሚኖሩ ከተሞች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። የከተማ ሰው መጠጋጋት የሚለካው በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድርና በአንድ ቦኖ ስንት ቤተሰብ ውሃ እንደሚቀዳ ነው።

መለኪያውን ካስተካከልን በኋላም ቢሆን ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ለዚህ ከጌዴኦ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ከዲላ ተነሥቶ ወደ ኮረብታዎቹ የሚወጣ መንገደኛ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው የሚኖርበት ምድር የተራቆተ ይሆናል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የሚያገኘው ግን ደን የሚመስል አገር ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፎች ጥላቸውን ዘርግተዋል፤ ከእነርሱ ሥር እንሰት፣ በእንሰቱ መካከል ደግሞ ቡና ተተክሏል። አንዱ መሬት በከፍታ ተከፋፍሎ ሦስት ጊዜ ያገለግላል እንደ ማለት ነው። እንሰት በጥቂት መሬት ላይ ብዙ ሰው የሚመግብ ተክል ነው። እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን ባስፈለገ ጊዜ ሊቆረጥ ስለሚችል የአንድ ክረምት ዝናብ ቢቀር ባለቤቱ ወዲያው ለረኃብ አይጋለጥም። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል፤ ቡናውም ገንዘብ ያመጣል። ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ይህን ከ1977ቱ ረኃብ ጋር አነጻጽሩት። በዚያ ዘመን እጅግ የተጎዱት ወሎና ትግራይ የሕዝባቸው ጥግግት ከጌዴኦ በብዙ እጥፍ የሳሳ ነበር። ሕዝቡን ለሞት የዳረገው የሰው መብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ በቅድሚያ ማለቅ የነበረበት የእንሰቱ አገር በሆነ ነበር። ዝናቡ ቀረ፤ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋ፤ የመንግሥቱም አሠራር ለእህል ዝውውር አላመቸም። «ረኃብ የሚመጣው ከሰው ብዛት ነው» የሚለው ወገን ይህን ማስረዳት ይኖርበታል።

ይህን ስል ግን ጌዴኦን እንደ ገነት አድርጌ ማቅረቤ እንዳይመስላችሁ። እንሰትም ቢሆን ወሰን አለው። አባት ሁለት ሄክታር ኖሮት ለአራት ልጆቹ ቢያካፍል ለእያንዳንዱ ግማሽ ሄክታር ይደርሳል፤ የልጅ ልጆቹ ደግሞ አራት አራት ቢሆኑ የእያንዳንዱ ድርሻ ከአንድ ሄክታር ስምንተኛው እጅ ይሆናል። በስምንተኛ እጅ ሄክታር ላይ ዛፍም፣ እንሰትም፣ ቡናም በአንድነት ሊበቅሉ አይችሉም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው ሲፈናቀሉ፣ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የመሬት ጥበት ነበር።

አሁን ወደ ዕድገቱ እንለፍ። እዚህ ላይ ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ ትልልቅ ሰዎችም የሚስቱት አንድ ስሌት አለ። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. በተደረገው ሁለተኛው ቆጠራ ሕዝባችን 53,477,265 ነበር። በግንቦት 1999 ዓ.ም. ወደ 73,750,932 ደረሰ። ልዩነቱ 20 ሚሊዮን ከ273 ሺህ ያህል፣ ማለትም ከመጀመሪያው ቁጥር ወደ 38 በመቶ የሚጠጋ ነው። በመካከሉ ያለፈው ጊዜ 12 ዓመት ከ7 ወር ነው። ችኩል ሰው 38ን ለ12.6 አካፍሎ «ሕዝባችን በዓመት 3 በመቶ ያድጋል» ይላል። ትክክለኛው መልስ ግን 2.6 በመቶ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? በመጀመሪያው ዓመት የተጨመሩት ሰዎች በሚቀጥለው ዓመት ከመነሻው ቁጥር ጋር ተደምረው እነርሱም የዕድገቱ መሠረት ይሆናሉ፤ ልክ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ወለዱም ወለድ እንደሚወልደው ማለት ነው። 0.4 በመቶ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን 70ን ለዕድገቱ መጠን በማካፈል ሕዝብ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን መገመት ስለሚቻል፣ በ3 በመቶ 23 ዓመት፣ በ2.6 በመቶ ግን 27 ዓመት ያህል ይፈጃል። አራት ዓመት ለትምህርት ቤት ሠሪና ለውሃ ቧንቧ ዘርጊ ብዙ ነው።

በዚህ ላይ ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ። የዕድገቱ መጠን ቀነሰ ሲባል በየዓመቱ የሚጨመረው ሰው ቀነሰ ማለት አይደለም። የ53 ሚሊዮን 2.6 በመቶ 1.4 ሚሊዮን ያህል ነው፤ የ100 ሚሊዮን 2 በመቶ ደግሞ 2 ሚሊዮን ነው። በጋዜጣ «ዕድገቱ ዝቅ አለ» የሚል ርእስ ስታነቡ «ከምን ያህል ሕዝብ ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሕዝብ ዕድገት፣ ከአገር የሚወጣውንና ወደ አገር የሚገባውን ለጊዜው ብንተወው፣ ልደት ሲቀነስ ሞት ነው። ብዙ ሰው ግን ዕድገትን ሲወቅስ ዓይኑ የሚያርፈው በልደቱ ላይ ብቻ ነው። በአገራችን የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች የሚያሳዩት ሌላ ነው። በ1992 ዓ.ም. አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 5.5 ልጆች ትወልድ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 4.6 ሆነ። በዚያው ጊዜ ውስጥ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ከ1,000 ውስጥ ከ166 ወደ 67 ወርደዋል። ልደቱ እየቀነሰ ሳለ ሕዝቡ የጨመረበት አንዱ ዐቢይ ምክንያት እንግዲህ ሞት ከልደት ይልቅ ፈጥኖ መቀነሱ ነው። በሕዝብ ዕድገት የሚያማርር ሰው የሚያማርርበት በየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለይቶ ሊናገር ይገባዋል።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን ብሂልም ከዚህ ጋር አያይዤ ማንሣት እወዳለሁ። ይህን አባባል የድንቁርና ምልክት አድርጎ መሳለቅ በተማሩ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ከስድስት ሕፃናት አንዱ አምስተኛ ዓመቱን በማያይበት ዘመን ብዙ የወለደ ወላጅ የሚያውቀውን ሒሳብ እየሠራ ነበር። ሒሳቡ የሚለወጠው ልጆቹ እንደሚያድጉለት ሲያምን፣ ልጅ ማሳደግም ትምህርትና ወጪ የሚጠይቅ ሲሆን ነው። በ2008ቱ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ አማካዩ 1.8 ልጅ፣ በሶማሌ ክልል ግን 7.2 ነበር። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ አማካዩን ከ7.7 ወደ 4 ዝቅ ለማድረግ እስከ 2007 ዓ.ም. ጊዜ ሰጥቶት ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት የተገኘው ግን ከላይ ያየነው 4.6 ነው። እንደ ጥግግቱ ሁሉ በዚህም አገራዊው አማካይ አዲስ አበቤውንም ሶማሌውንም አይገልጽም። በ1999 ዓ.ም. ከሕዝባችን ከመቶ 45ቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ስለ ነበረ፣ ከነገ ጀምሮ ሁሉም ባልና ሚስት ሁለት ሁለት ልጅ ብቻ ቢወልዱም እንኳ የሕዝቡ ቁጥር ለብዙ ዓመታት ማደጉን አያቆምም። ወላጆቹ አስቀድመው ተወልደዋልና።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ የተመሠረተው በቆጠራ ላይ ነው። ታዲያ ቆጠራው ራሱ ምን ያህል ይታመናል? ኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያካሄደችው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተቆጥሯል። በ1999ኙ ቆጠራ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ቆጣሪዎች የተሠማሩት በግንቦት ሳይሆን በሚቀጥለው ዓመት በኅዳር ወር ነበር፤ ግጦሽና ውሃ ተከትሎ የሚንቀሳቀስን አርብቶ አደር በተመሳሳይ ቀን ቤቱ አገኘዋለሁ ማለት ስለማይቻል ነው። ዕድሜ ሲጠየቅም ብዙ ሰው 37 ወይም 43 አይልም፤ 35፣ 40፣ 45 ይላል። በቆጠራው ሠንጠረዥ ላይ በዜሮና በአምስት የሚያልቁ ዕድሜዎች እንደ ጉብታ ከፍ ብለው የሚታዩት በዚህ የተነሣ ነው። ልጁንና ከብቱን በቁጥር መናገር የማይወድ፣ ቆጣሪ ሲመጣ ግብር ወይም ዘመቻ ተከትሎ ይመጣል ብሎ የሚጠረጥርም አለ። ጥርጣሬው ከቀድሞ ዘመን ልምድ የመጣ ስለ ሆነ አልፈርድበትም።

ከዚህ የሚከብደው ግን አለመቆጠር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ይደነግጋል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በጸጥታ ችግር ምክንያት ዳግመኛ ተራዘመ። ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስም ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም። ውጤቱን ተመልከቱ፤ በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያን ሕዝብ ከ120 ሚሊዮን በላይ አድርጎ ሲገምት፣ የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ትንበያ ግን 105 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በ1999 ዓ.ም. የነበረችውን አዲስ አበባን ከአምስት ጊዜ በላይ ያህላል። አንድ ሰው ለአምስት አዲስ አበባ የሚበቃ ሕዝብ ይኑር አይኑር ሳያውቅ «አገሪቱ ሞልታለች» ወይም «አልሞላችም» ብሎ የሚፈርደው በምን ድፍረት ነው?

እናንተም ይህን ገጽ የምታነቡ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች አብዛኞቻችሁ ከ1999 ዓ.ም. በኋላ የተወለዳችሁ ናችሁ። ስለዚህ በአንድም አገር አቀፍ ቆጠራ አልተቆጠራችሁም። በትንበያ ውስጥ ብቻ ነው ያላችሁት። የምርጫ ክልል የሚካለለው በቆጠራ ውጤት ነው፤ የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው የበጀት ድጎማ ሲከፋፈልም የሕዝብ ቁጥር ይታያል። በ1999ኙ ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ 17,221,976 ሆኖ፣ አስቀድሞ ከተተነበየው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አንሶ በመገኘቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩ ለቁጥር ፍቅር ብቻ ሲባል የተደረገ አልነበረም። ከቁጥሩ ጀርባ በጀት፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት አሉ።

«ቆጠራ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ በአስቸጋሪ ጊዜም አይሆንም» የሚሉ አሉ። አባባላቸው እውነትነት አለው፤ ቆጣሪ በጥይት መካከል ቤት ለቤት ሊዞር አይችልም። ይሁን እንጂ ከቆጠራ ሌላ የሕዝብን ዕድገት ዓመት በዓመት መከታተያ መንገድ አለ፤ ይኸውም የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። ልደት በ90 ቀን፣ ሞት ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው ሊመዘገብ ይገባል። ልደትን ማስመዝገብ ቀላል ነው፤ ልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ስለሚያስፈልገው ወላጅ ራሱ ይሄዳል። ሞት ግን እንዲህ አይደለም። ሟች በቤቱ ካረፈ፣ ዕድሩ ድንኳን ተክሎ ከቀበረው፣ ሦስተኛው ቀን ካለፈ በኋላ ለመዝጋቢው ብሎ ቀበሌ የሚሄድ ኀዘንተኛ ጥቂት ነው፤ በተለይም ሟቹ ውርስ የማይተው ሕፃን በሚሆንበት ጊዜ። ልደት እየተጻፈ ሞት ሲቀር መዝገቡ የሚያሳየው ዕድገት ከእውነተኛው በላይ ይሆናል። የቀረው ክፍተት ምን ያህል እንደ ሆነ ደግሞ ከመዝገቡ ከራሱ ማወቅ አይቻልም፤ መዝገቡን አስተያይቶ ለማረም አሁንም ቤት ለቤት የሚደረግ ቆጠራ ያስፈልጋል።